ይድረስ ለታምሩ፣ ከማልታ

ውድ ወንድሜ ታምሩ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር። ጠፋህ እንዳትለኝ፤ አንተም ጠፍተሃል፣ ተቻችለናል።

አሁንም ማልታ ነኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ ግዚራ ዳርቻ ቁጭ እላለሁ። ፊት ለፊቴ ማኖኤል ደሴት አለች። እዚያ ያለው አሮጌ ላዛሬቶ፣ ማለትም የድሮው የወረርሽኝ ማቆያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከቦች ሠፈር ነበር። ይህን ወሬ ካንተ ከምጽዋው ባሕረኛ ሌላ ማን ይሰማኛል?

ነገሬ ስለ ሮርኳል ነው። ፈንጂ አጥማጅ ሰርጓጅ ነበረች፤ 50 ፈንጂ ትጭናለች። ፈንጂዎቹ ሰው ባለበት ክፍል አይገቡም። ከላይ፣ ጀርባዋ ላይ፣ ከሽፋኑ ሥር በሐዲድ ይደረደራሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ሰንሰለት እየጎተተ በኋላ በር አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። መልሕቁ ታች ይቀራል፤ ፈንጂው በሽቦ ገመድ ታስሮ ወደ ላይ ከፍ ይልና የሚነካውን ይጠብቃል። እሷ ያኔ የለችም። ቶርፒዶ፣ ያን ውኃ ውስጥ ተስፈንጥሮ መርከብ የሚመታውን ቦምብ፣ የተኮሰ ፍንዳታውን ይሰማል፤ ፈንጂ ያጠመደ ግን ማንን እንደያዘ ወሬ ጠባቂ ነው። እኔ ብሆን ያ ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 1941 ፓሌርሞ አጠገብ ያጠመደችው ፈንጂ ኪኖቶ የተባለችውን የጣሊያን የጦር መርከብ አሰጠመ። ቀናት ሳይቆይ ሮርኳል ፒየር ካፖኒ የምትባለውን የጣሊያን ሰርጓጅ ስትሮምቦሊ ደሴት አካባቢ በቶርፒዶ መታች።

እኔን የገረመኝ ግን የጁኑ ጉዞዋ ነው። ማልታ ጭንቅ ላይ ነበረች። ሮርኳል ከእስክንድርያ ምን ጭና መጣች መሰለህ? 62 ቶን የአውሮፕላን ቤንዚን፣ 45 ቶን ላምባ፣ 2 ቶን መድኃኒት፣ 24 ሰውና 147 ከረጢት ደብዳቤ! ያን ሁሉ ቤንዚን ይዘህ፣ ጠላት ከላይ እያንዣበበ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ስትውል አስበው።

እህቶቿ፣ እንደሷ ሆነው የተሠሩት አምስቱ ሰርጓጆች፣ አልቀናቸውም። ሲል የተባለችው በ1940 ፈንጂዋን ዘርታ ስትመለስ ራሷ ፈንጂ መታት፤ ጀርመኖች ማረኳት። ካሻሎት የተባለችው ደግሞ በጁላይ 1941 ለማልታ ጭነቷን አራግፋ ስትመለስ የጣሊያን መርከብ ገጭቶ አሰጠማት። ከስድስቱ ጦርነቱን የጨረሰችው ሮርኳል ብቻ ናት። እሷንም በ1946 ለቁርጥራጭ ብረት ሸጧት። ሙዚየም ቢያደርጓት ምን ነበረበት?

በል እንግዲህ፣ ምጽዋ ሳለህ ስለ ፈንጂ ጠረጋ የተማርከውን ጻፍልኝ። ስልክህ አይሠራም፤ አዲስ ካወጣህ ላክልኝ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታ አቅርብልኝ።

ወንድምህ ግርማ