ስለ ደፈረሰው የአኳሪየም ውሃ
ሰላም የባህር ዳር አሳ ወዳጆች፣ አዲስ የጀመራችሁ ልጆች "ውሃው ወተት መሰለ" እያላችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጽፉልኝ እዚሁ ልመልስ። በሞላችሁበት ቀን ከደፈረሰ አሸዋው በደንብ አልታጠበም ማለት ነው፣ በተለይ ከጣና ዳር ያመጣችሁት፣ ባልዲ ውስጥ እያማሰላችሁ ጥርት እስኪል እጠቡት። ከቀናት በኋላ ከነጣ ግን ባክቴሪያ እየተራባ ነው፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ራሱ ይጠራል፣ ውሃውን ሙልጭ አድርጎ መቀየር ያራዝመዋል እንጂ አይፈታውም። ምግብ ቀንሱ፣ ፊልተር አታጥፉ፣ የፊልተሩን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ እዚያ ላይ የሚኖረውን፣ የአሳውን ቆሻሻ የሚያጣራውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይገድላል። አሳዎቹ ላይ ላዩን አፋቸውን እየከፈቱ አየር የሚጎርሱ ከሆነ ኦክስጅን አንሷቸው ወይ አሞኒያ (ከአሳ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው መርዝ) በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ኤር ፓምፑን ክፈቱና ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት ባልዲ ባደረ ውሃ ሩቡን ብቻ ቀይሩ። አረንጓዴ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ መስኮት አጠገብ ያስቀመጣችሁት ከፀሀይ አርቁት።