ስለ ጉንፋን ለአባሎቻችን

ውድ አባላት፣

ብርዱ ጠንከር ሲል ጉንፋንም አብሮ ይመጣል። የሚያሲዘን ግን ቫይረስ ነው። በብርድ ጊዜ በርና መስኮት ዘግተን ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ይተላለፋል። ስለዚህ መስኮት ከፈት አድርጉ፤ እጃችሁንም በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ።

አንዴ ከያዛችሁ እረፍትና ትኩስ ነገር ይቅደም። ጉሮሮ ሲከረክር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና ተጉመጥመጡ። ቀና ብላችሁ ጉሮሯችሁ ድረስ አድርሱት፣ ከዚያ ትፉት። ለሳል ማር በጣም ጥሩ ነው፤ በተለይ ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ማንኪያ። አደራ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም! ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ዝንጅብል በሙቅ ውሃ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ቫይረሱን ግን አይገድልም። የፈላ ውሃ ላይ ተደፍቶ መታጠንን እኔ አልመክርም፣ ብዙ ልጆች ይቃጠሉበታል።

አንቲባዮቲክ ለጉንፋን አይሠራም፤ እባካችሁ ቤት የተረፈ እንክብል አትዋጡ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ትኩሳቱ ከ3 ቀን በላይ ከቆየ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።