ለእህት ዓለም፣ ከጓንግዡ፣ ደቡብ ቻይና

ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹ፣ እናትሽ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብዕር ሳነሣ እጄ ከበደኝ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ደም ግፊቴም ጨምሯል» ያልሽበት ደብዳቤ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ያልመለስሁልሽ እኔም ወድቄ ስለነበር ነው። ቀን ገበያ፣ ሌሊት ዕቃ ማስጫን፣ ምግብም ቆሜ ስጎርስ ከርሜ፣ በመጨረሻ ሰውነቴ አልታዘዝም አለኝ። ይህንን ልጽፍልሽ አልደፈርሁም። ይቅር በይኝ።

ያነሡኝ ከታች ፎቅ የሚኖሩ አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው። ማታ ማታ ዝንጅብል የፈላበት ውሃ በሳፋ ይዘው እየመጡ እግሬን እንድነክር ያስገድዱኝ ነበር። እሳቸው አጠገቤ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ከቴርሞሱ ሙቅ ይጨምሩበታል። ከመንገድ የገባ እንግዳ እግሩን ይታጠብ የነበረበት የአያቴ ቤት ትዝ ብሎኝ አንድ ምሽት አለቀስሁ።

እዚህ ዓመቱ 24 ቦታ ይከፈላል። ፀሐይ ከዙሪያዋ 15 ዲግሪ በተጓዘች ቁጥር፣ ይኸውም በየ15 ቀኑ ገደማ፣ ጊዜው አዲስ ስም ያገኛል። የዛሬው «የእህል ዝናብ» ይባላል። እኛ ጳጉሜን ላይ ሆነን አደይ አበባን ስንጠብቅ እዚህ «ነጭ ጤዛ» ይገባል። ስሞቹ የወጡት በሰሜን፣ በቢጫ ወንዝ አካባቢ ስለሆነ፣ «ታላቅ በረዶ» በሚባልበት ሰሞን ጓንግዡ ውስጥ አንዲት የበረዶ ብናኝ አትወርድም። ጎረቤቴ ግን ከስሙ ይልቅ ግድግዳውን ያያሉ። በዚህ ሰሞን እርጥበቱ ግድግዳውን ላብ በላብ ያደርገዋል፣ ወለሉ ይረጥባል፣ ልብስ አልደርቅ ይላል። ያኔ ጥቃቅን ቀይ ባቄላ ለረጅም ሰዓት ቀቅለው ከነውሃው ያቀርባሉ፤ እርጥበትን ከሰውነት ያስወጣል ይላሉ። በመስከረምና በጥቅምት አየሩ ደርቆ ጉሮሮ ሲከረክር ደግሞ ፒር የሚባለውን ፍሬ በስኳር ያበስላሉ። ሕክምና ነው ብዬ አልከራከርሽም። እኔን ያዳነኝ በየሁለት ሳምንቱ «ዛሬ ሰውነቴ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጠገቤ መኖሩ ነው።

ቻይናዎች ዓመቱን ስለሚሰይሙባቸው እንስሳትም ሰምተሽ ይሆናል። 12 ናቸው፤ በየዓመቱ አንዱ ይነግሣል። እኔና አንቺ፣ የ1970 ሚያዝያና ሰኔ ልጆች፣ ፈረስ ነን፤ ዘንድሮም የካቲት 10 ቀን የፈረስ ዓመት ገባ። የሰው የልደቱ እንስሳ ሲመለስ ደስታ አይባልም፤ ጥንቃቄ የሚሻ ዓመት ነው ተብሎ ቀይ ይለበሳል። ጎረቤቴ ቀይ ክር ሊያስሩልኝ ሲመጡ የአንገቴን ማተብ አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ክሩን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ቅር ያላቸው አይመስልም ነበር።

እንስሳ ዕጣዬን ይወስናል ብዬ አላምንም። ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ 1970፣ 1982፣ 1994፣ 2006፣ 2018፤ ሁሉም ዘመነ ማርቆስ ናቸው! 12 ለ4 ስለሚካፈል ፈረሱ የሚመጣው ሁልጊዜ በማርቆስ ነው፤ የእኛ በመስከረም ይገባል፣ የእነሱ ጥቂት ወራት ዘግይቶ። ባለፈው ፈረስ 36 ዓመታችን ነበር፤ አንቺ ሁለተኛ ልጅሽን አርግዘሽ፣ እኔ ወደዚህ ለመምጣት ሻንጣ እየሸከፍሁ። ያን ጊዜ ደክሞን እንኳ ደክሞናል አላልንም።

አዲስ ዓመታቸው ዘንድሮ የዋለው በዓቢይ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው። ጎረቤቴ ለማዕድ ጠርተውኝ፣ ሥጋ ቢያቀርቡልኝ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ ብዬ ተጨንቄ ስወርድ፣ ገበታው ላይ እንጉዳይ፣ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር እርጎና አትክልት ብቻ ነበር። ለካ እሳቸውም በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ሥጋ አይቀምሱም። አብረን በላን።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሐኪሙ ያዘዘልሽን መድኃኒት እንዳታቋርጪ፤ ማታ በ4 ሰዓት መብራት አጥፊ። እንቅልፍ ባይመጣም ተጋደሚ። ስንት ሰዓት እንደተኛሽ በየሳምንቱ ጻፊልኝ፤ እኔም እጽፍልሻለሁ፣ አሁን አልጠፋም። ጳጉሜን ላይ ትኬት ቆርጫለሁ። ሳፋና ዝንጅብል አዘጋጂ፤ ውሃውን የማሞቀው እኔ ነኝ።

ያንቺው