ለአባባ፣ ከጥጥ አገር

አባባ እንዴት ኖት? ጤናዎት እንዴት ነው፣ ጉልበትዎትስ? እኔ እግዚአብሄር ይመስገን ደህና ነኝ። አይንዎት ከተሰራ ወዲህ የስልክ ፊደል አይታየኝም ስላሉ እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልዎት (አንቺ ደግሞ ረዘመ ብለሽ እየዘለልሽ እንዳታነቢ፣ አውቅሻለሁ)። ያለፈው ቅዳሜ ሳልደውል ስቀር ምን ሆኖ ነው እያሉ ሌሊቱን ሲገላበጡ እንዳደሩ ነግራኛለች፣ ይቅርታ ያርጉልኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ሙዚቃ ልሰማ ሄጄ ነው። አዎ ሙዚቃ። እስክጨርስ ግን እንዳይቆጡ።

ከሜምፊስ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ሚሲሲፒ የሚባለውን ትልቁን ወንዝ ተሻግሮ ሄለና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ አርካንሳስ ውስጥ፣ በመኪና ከአንድ ሰአት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እዛ በየአመቱ በነሱ ኦክቶበር መጀመሪያ በኛ መስከረም ማለቂያ ላይ ኪንግ ቢስኪት የሚባል የብሉዝ ፌስቲቫል አለ፣ በነሱ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ (አመተ ምህረቱን ሁሉ በነሱ ነው የምጽፍልዎት)። ብሉዝ ማለት እንግዲህ የጥቁሮቹ የድሮ እንጉርጉሮ ነው በሉት። አብሮኝ መጋዘን የሚሰራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ፣ የናቱ ወገኖች የዛ አገር ሰዎች ናቸው፣ ሁለት አመት ሙሉ እንሂድ እንሂድ ሲለኝ ከርሞ ዘንድሮ እሺ አልኩት።

አባባ መንገዱን ቢያዩት። ግራና ቀኙ ጥጥ ነው፣ ነጭ በነጭ፣ አይን እስኪደክም። ልክ የለቀማው ሰሞን ነው የደረስነው። አሁን በማሽን ነው የሚለቅሙት፣ ማሽኑ እየጠቀለለ ቢጫ ላስቲክ አልብሶ ማሳው ላይ ጥሎት ይሄዳል፣ ከሩቅ ትልልቅ በርሜል ነው የሚመስለው፣ ሰው የሚባል አይታይም። ሽማግሌውን አቁም አልኩትና ወርጄ አንዱን ነካሁት፣ እውነትም ቅርፊቱ ይዋጋል! እርሶ በጉርምስናዎ በባቲ ወርደው ዱብቲ ለጥጥ ለቀማ የሄዱ ጊዜ ጣቴ ደም በደም ሆኖ ነበር ይሉን የለ፣ እኛ ደግሞ ጥጥ እንዴት ይዋጋል ብለን እንስቅብዎት ነበር፣ እኔ ጥጥ የማውቀው እማማ ስትፈትለው ብቻ ነዋ። ይሄን ለሽማግሌው ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና አባትህ ጥጥ ለቅሟል? አለኝ። ከዛ ወዲያ እኔን የሚያይበት አይን ራሱ ተለወጠ።

አያቶቹ እኩል አራሽ ነበሩ። ያው የኛ አገሩ እኩል አራሽ፣ መሬቱ የባለርስቱ ጉልበቱ የነሱ፣ ዘሩንና ቀለቡን ደግሞ ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ ይወስዳሉ፣ ጥጡ ሲደርስ ሂሳቡን የሚይዘው ያው ባለርስቱ ነው፣ አመቱን ሙሉ ለፍተው እዳ አለብህ ተብለው ይመለሳሉ። በ1919 እዛው አውራጃ ውስጥ ኢሌን በሚባል አካባቢ እኩል አራሾቹ ለጥጣችን የሚገባው ዋጋ ይሰጠን ብለው ማታ ቤተክርስቲያን ተሰበሰቡ፣ ተኩስ ተነሳ፣ ከዛ በኋላ ባሉት ቀናት ነጮቹ ጥቁሩን ባገኙበት ጨረሱት። የሞተው ቁጥር እስከዛሬ ያከራክራል፣ በመቶ የሚቆጥሩት አሉ። ሞት የተፈረደባቸው ግን ጥቁሮቹ ነበሩ፣ አስራ ሁለት ሰዎች፣ ነገሩ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ሄዶ ነው ሳይገደሉ የተፈቱት። ሄለና ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አሁን መታሰቢያ ተሰርቶላቸዋል፣ ሽማግሌው ሙዚቃውን ከመስማታችን በፊት እዛ ነው የወሰደኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፣ እኔም አወለቅኩ።

የበአሉ ስም ነገር ደግሞ ያስቅዎታል። ኪንግ ቢስኪት ማለት የዱቄት ስም ነው! ቢስኪት ስልዎት የኛ የሻይ ብስኩት እንዳይመስልዎት፣ እነሱ ቁርስ ላይ የሚበሏት ትንሽ ለስላሳ ዳቦ ናት። በ1941 ኬኤፍኤፍኤ የሚባል ሬድዮ ጣቢያ ሄለና ላይ ተከፈተ፣ ሳኒ ቦይ ዊልያምሰን የሚባል ሃርሞኒካ ነፊና ሮበርት ሎክውድ የሚባል ጊታር መቺ ሄደው እንጫወት አሉ፣ የዱቄት አከፋፋዩ እሺ ዱቄቴን ካስተዋወቃችሁ አለ፣ በቃ ፕሮግራሙ በዛው በዱቄቱ ስም ተጀመረ። ቀን በኛ ስድስት ሰአት ከሩብ ላይ ነበር የሚተላለፈው፣ ለሩብ ሰአት ብቻ፣ ለምን ቢሉ ለቃሚው ለምሳ ከማሳ የሚወጣው ያኔ ነዋ። ያን ጊዜ ጥቁር በሬድዮ በቀጥታ ሲጫወት መስማት ብርቅ ነው። ማታ የት እንደሚጫወቱም እዛው ይናገራሉ፣ ሰው ይከተላቸዋል። ቢቢ ኪንግ የሚባለው በኋላ አለም ያወቀው ጊታሪስት ራሱ ልጅ ሆኖ በምሳ ሰአት ይሄን ሬድዮ ሲሰማ ነው ያደገው። ሳኒ ቦይን ደግሞ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ላይ ስእሉን አወጡለት፣ እሸት ላይ ተቀምጦ። ስሙ ራሱ የሌላ ሰው ስም ነው፣ ቺካጎ የነበረ ሌላ ሃርሞኒካ ነፊ በዛ ስም ዝነኛ ስለነበር ነጥቆት ነው፣ መቼ እንደተወለደም እንዳያታችን ነው፣ አንዱ እንዲህ ይላል አንዱ እንዲያ ይላል። ፕሮግራሙን ከ1951 ጀምሮ ሲያቀርብ የነበረው ሳኒ ፔን የሚባል ሰው በ2018 እስኪሞት ድረስ እዛው ማይክ ላይ ነበር። ስልሳ ምናምን አመት! እርሶ እንኳን ልብስ ስፌት ላይ ያን ያህል አልቆዩም። ያው የስድስት ሰአት ዜና ሲደርስ ማሽኑን አቁመው ሬድዮኑን ጆሮዎት ላይ የሚለጥፉት ትዝ አለኝ።

ፌስቲቫሉ ታዲያ እንዲህ ነው። ወንዙ ሲሞላ ከተማዋን እንዳይውጣት የተከመረ ረጅም የአፈር ግድብ አለ፣ ሳር በቅሎበታል፣ ህዝቡ እዛ ላይ የሚታጠፍ ወንበሩንና የበረዶ ሳጥኑን ይዞ ይቀመጣል፣ መድረኩ ከታች ነው። ትልቁ መድረክ በቲኬት ነው፣ ቼሪ ስትሪት የሚባለው ዋናው መንገድ ግን ነጻ ነው፣ እኔ ደግሞ የወደድኩት እሱን ነው፣ በየጥጋቱ አንዱ ጊታሩን ይዞ ይጮሃል፣ እንደኛ ግንባሩ ላይ ብር አይለጥፉለትም፣ ፊቱ ባልዲ አስቀምጧል። ምግቡ አይወራ፣ በበቆሎ ልጣጭ የተጠቀለለ ታማሌ የሚባል ነገር አለ ውስጡ ስጋ ነው፣ አርብ ስለነበር ሽታውን ብቻ ጠግቤ ተመለስኩ (ይሄን እውነት ነው የምልዎት)። ቅር ያለኝ ነገር ደግሞ ልንገርዎት፣ የሱቁ ግማሽ የተዘጋ ነው፣ ጣራው የወደቀም አለ፣ ከነዛ አራት ቀናት ውጪ ከተማዋ ጭር ያለች ናት አለኝ ሽማግሌው። ለመስማት የሚመጣውም አብዛኛው ከሩቅ የመጣ ሽበታም ፈረንጅ ነው፣ የአገሩ ጎረምሳ ሌላ ነው የሚሰማው። በኔ ቤት የኛ ሰው ብቻ ነበር የራሱን ሚንቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ሰውዬ ከሲጋራ ሳጥን ጊታር እየሰራ ይሸጣል። አጠገቡ ደግሞ ጣውላ ላይ ሚስማር መትቶ አንድ ሽቦ ወጥሮበታል፣ ስሩ ጠርሙስ ሸጉጧል። የድሮ ልጆች ከመጥረጊያ ላይ ሽቦ ፈተው ግድግዳ ላይ ወጥረው እንዲህ ነበር የሚለማመዱት አለኝ። አባባ ቆሜ ቀረሁ። የኔን ክራር ያስታውሳሉ? በርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የሰራሁትን፣ ሁለት እጅ የተጨባበጠበት ስእል ያለው፣ አውታሩን ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈልቅቄ? አዝማሪ ከቤቴ አይወጣም ብለው በእግርዎት የጨፈለቁትን? ተቀይሜ አልነበረም ብል ውሸት ነው። ለአመታት ተቀይሜ ነበር፣ እዚህ ከመጣሁም በኋላ።

ለሽማግሌው ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ ሳቀ። የሱም አያት ብሉዝ የሰይጣን ዘፈን ነው ብለው ቤት አያስገቡም ነበር፣ እሁድ እሁድ መዝሙር ብቻ ነው። ቀጠለና የብሉዝ አባት ስለሚሉት ስለ ደብሊው ሲ ሀንዲ አወራኝ፣ ሀንዲ ልጅ እያለ ሳንቲም አጠራቅሞ ጊታር ገዝቶ ቤት ሲገባ ቄሱ አባቱ አሁኑኑ መልሰህ በመዝገበ ቃላት ቀይረህ ና አሉት፣ ቀየረ። እርሶ እኮ አባባ መዝገበ ቃላት እንኳን አልሰጡኝም! ሎክውድን ደግሞ ጊታር ያስተማረው የናቱ ወዳጅ ሮበርት ጆንሰን ነው፣ እዛው ሄለና፣ እንጀራ አባት በሉት። እንጀራ አባት ያስተምራል ወላጅ አባት ይሰብራል ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሳቁ ሲወጣ ቂሙም አብሮ የወጣ መሰለኝ እንጃ።

ሰውዬው እስቲ ሞክረው ብሎ ሽቦውን ሰጠኝ። ጣቴ ደንዝዟል፣ ሃያ አመት ሳጥን ሲያነሳ የኖረ ጣት ነው፣ አምባሰልን ብፈልግ የለም፣ ትዝታን ብፈልግ የለም። ከእጄ የመጣው ምን መሰልዎት፣ ሲንጀሩ ላይ ተጎንብሰው በአፍንጫዎት የሚያንጎራጉሩት። ያ አንዱ። እማማ ምንድነው ይሄ ስትልዎት የዱብቲ ነው፣ ስንለቅም የምንለው ነው ብለው ዝም አሉ፣ እኔ በሩ ስር ነበርኩ። አዝማሪ አይወጣም ያሉት ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉሩ ይውሉ ነበር እኮ። ዜማው ግማሹ መጣልኝ፣ ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለስበት ቦታ ላይ ግን ጠፋኝ፣ ቃሉን ደግሞ መቼም ሰምቼው አላውቅም።

እና ልለምንዎት የፈለግኩት እሱን ነው። እህቴ ስልኩን ትያዝልዎት፣ ቴሌግራም ላይ ማይኳን ተጭና ትቀዳዎታለች፣ በዜማ ካልሆነ በንግግር ይበሉት፣ ማን እንዳወጣው፣ ማን ተቀባይ እንደነበር፣ አለቃው ሲመጣ ታቆሙ እንደነበር ይንገሩኝ። ከነማን ጋር እንደሄዱ፣ ወባው የያዘዎት ጊዜ ማን እንዳስታመመዎትም። ቃሉን ረስቼዋለሁ ካሉ ግድ የለም፣ የሚመለስበትን ቦታ ብቻ በአፍንጫዎት ያንጎራጉሩልኝ። ጾም ነው ካሉ እስኪፈታ እጠብቃለሁ።

የደም ግፊት መድሃኒትዎት ብር ሀሙስ ይደርሳል፣ ማታ ማታ እንዳይረሱት። ሽቦ የወጠሩበትን ጣውላ ገዝቼዋለሁ፣ ሰላሳ ዶላር፣ አሁን ወጥ ቤት በር ላይ ተደግፏል።

ልጅዎት