እማዬን ከጎረቤቶቿ አትለዩአት

ለውድ እህቴ ለእትዬ አልማዝ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ እማዬስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቺካጎ ብርዱ ገና አለቀቀንም።

ስለ ቤቱ የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። አያት አካባቢ አፓርታማ ማግኘታችሁን፣ ሊፍት እንዳለው፣ ውኃ እንደማይጠፋበት፣ እማዬን ከሽሮ ሜዳ አውጥታችሁ እዚያ ልታስገቧት ማሰባችሁን፣ ከኪራዩም ግማሹን እኔ እንድችል መፈለጋችሁን ተረዳሁ። ገንዘቡን አልሰስትም፤ ታውቂኛለሽ። በስልክ ስናወራ ግን መስመሩ እየተቆራረጠ ሐሳቤን ሳልጨርስ ስለምንለያይ፣ ይህንን በጽሑፍ ልንገርሽ ብዬ ተቀመጥኩ። እማዬ ከዚያ ግቢ እንድትወጣ አልፈልግም።

ምክንያትሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ጉልበቷ ታሟል፣ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። በክረምት ሌሊት ጭቃውን ረግጣ ስትወጣ ብትወድቅስ የሚለው ስጋት እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ያንን ሁሉ እንዳለ ተዉት አልልም። መፍትሔው ግን እሷን ከሰው መነጠል መሆን የለበትም።

እዚህ የምሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መርዳት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሁን የምረዳቸው ሴትዮ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው ሐይቁ ዳር ካለ ረጅም ሕንፃ ላይ ነው። ሊፍት፣ ሙቅ ውኃ፣ ማሞቂያ፣ የጎደለ ነገር የለም። መድኃኒታቸው ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ በሳጥን ተደርድሯል። እንዲያም ሆኖ ከቀን ወደ ቀን እየከሱ ሄደው ሐኪማቸው ተጨንቆ ነበር። ሾርባውን አሙቄ አቀርብላቸዋለሁ፤ ማንኪያውን አንስተው መልሰው ያስቀምጡታል። ልብስ አጣጥፌ ስመለስ ሾርባው እንዳለ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ቀና ብለው አዩኝና "እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ" አሉኝ። ለራሴም ቀድቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው እያጫወቱኝ ሳህኑን ጨረሱት። የተጨመረላቸው መድኃኒት አልነበረም፤ አብሯቸው የሚበላ ሰው አገኙ እንጂ። ከዚያ ወዲህ አረጋውያን ተሰብስበው ምሳ ወደሚበሉበት የሠፈር ማዕከል እወስዳቸው ጀመር። የማዕከሉ ቀን ሲሆን በጠዋት ሊፕስቲክ ተቀብተው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኛል። ክብደታቸውም እየተመለሰ ነው።

እኚሁ ሴትዮ ናቸው የ1987ቱን ሙቀት ያጫወቱኝ። በፈረንጆቹ 1995፣ በሐምሌ ወር፣ ይህ ከተማ 41 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ወረደበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ700 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ሌባ ፈርተው በርና መስኮታቸውን እንደዘጉ፣ የሚጠይቃቸው ጠፍቶ በየቤታቸው ሞተው ተገኙ።

ኋላ የመረመሩት ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰሜን ላውንዴልና ደቡብ ላውንዴል የሚባሉ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሠፈሮች አሉ። ሁለቱም የድሃ ሠፈር ናቸው፤ በሁለቱም ብቸኛ አረጋውያን ይኖሩባቸው ነበር፤ ሙቀቱም ያው አንድ ነው። የሰሜኑ የሞት መጠን ግን የደቡቡን ብዙ እጥፍ ሆነ። በሰሜኑ ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ሰው ጥሎ ሄዶ፣ ባዶ ቦታና የፈረሰ ቤት በዝቶ፣ አረጋውያኑ ደጅ መውጣት ይፈሩ ነበር። በደቡቡ በኩል የሜክሲኮ ስደተኞች ሰፍረው መንገዱ በሱቅና በሰው ተሞልቷል። አሮጊቷ ከቤት ወጥታ ከሱቅ ሱቅ ትላለች፤ በቀዝቃዛው ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ታወራለች፤ ካልታየች "የት ሄደች?" የሚል አለ።

ከሁሉ የባሰብኝን ልንገርሽ። የሚወስዳቸው ዘመድ ያልተገኘላቸው 41 የሙቀቱ ሟቾች በነሐሴ ከሌሎች ምስኪኖች ጋር በአንድ ረጅም ቦይ ተቀበሩ። ድንኳን የለም፣ አልቃሽ የለም፣ ሠልስት የለም። እንዲህ ያለው ነገር በዓለም ሀብታም አገር ሲሆን አስቢው! ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእማዬ እድር ነበር። ጡሩምባው በጠዋት ሲነፋ እንዴት ብድግ እንደምትል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ስትወጣ፣ ድስቱንና አግዳሚውን የሚያወጡት ጎረምሶች፣ በስብሰባ ቀን የቀረ የሚከፍለው መቀጫ። ልጅ ሆነን ለአስከሬን ብቻ የተቋቋመ ይመስለን ነበር። አሁን ሳየው ግን እማዬን በየወሩ ከቤት የሚያስወጣት፣ ከሰው የሚያገናኛት፣ "ማን ታመመ? ማን አልመጣም?" የሚያሰኛት እሱ ነው። የኪዳነ ምሕረት ማኅበሯም እንደዚያው።

በሥራችን በየጊዜው ሥልጠና ይሰጡናል። ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን 148 ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳለ ነግረውናል። ከሰው ጋር ጠንካራ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው፣ ትስስራቸው ከላላው በ50 በመቶ ይበልጣል። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና ሹም የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ብቸኝነትን ወረርሽኝ ብለው ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ፣ በጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር አወዳድረውታል። ብቻውን የሚውል ሰው ሰውነቱ ሁሌ እንደሰጋ ነው የሚኖረው። እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ደም ግፊቱ ይጨምራል፣ ልቡ ይደክማል፣ በእርጅና ጊዜም የመርሳት በሽታ ቶሎ ሊያገኘው ይችላል። እማዬ ደግሞ ግፊት አለባት።

ደግሞስ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል የኖረው በእኛው ግቢ አይደል እንዴ? ያን ቀን ምን እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። የቡና ሰዓት ደርሶ እማዬ ስላልመጣች እትዬ ብርቄ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አውርደው ሄዱ። በሩን ቢያንኳኩ መልስ የለም። ጋሽ ወልዴ ከሽመናቸው ጉድጓድ ተነስተው መጥተው በሩን ገፉት፤ እማዬ ከአልጋው ሥር ወድቃ አገኟት። ታክሲ ጠርተው ሆስፒታል ያደረሷት እነሱ ናቸው። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፤ እኔ እዚህ ተኝቼ ነበር። ቡና ጠጡ የሚላት በሌለበት፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ በሚውልበት አራተኛ ፎቅ ቢሆን ኖሮ መቼ ይታወቅ ነበር? አንቺ ከሥራ እስክትገቢ ድረስ? ሠራተኛ ትቀጠርላታለች ብለሻል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እኔም ሠራተኛ ነኝና የምችለውንና የማልችለውን አውቃለሁ። ምሳ ማቅረብ፣ ማጠብ፣ መድኃኒት ማስታወስ እችላለሁ። ሰዓቴ ሲደርስ ግን እሄዳለሁ።

ግቢው ገነት ነው አልልም። ሐሜቱም ጭቅጭቁም አለ። በልብስ ማስጫ ገመድ ምክንያት ከእትዬ ብርቄ ጋር ተኳርፈው ስንት ጊዜ ሰነበቱ! ግን ያስታረቃቸው ሽማግሌ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረ፣ ዕርቁም በቡና ነው የታሰረው። እዚህ ያለነው ሐበሾች እድር አቋቁመናል፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ትልቅ እፎይታ ነው፣ እኔም አባል ነኝ። ቡና ለመጠጣት ግን ሁሉም ፈረቃውን አይቶ ቀጠሮ መያዝ አለበት። የእማዬ ግቢ ውስጥ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ለመጠጣት ማንም ቀጠሮ አይዝም፤ ይህ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም።

እስቲ ደግሞ ራሷን ጠይቃችኋታል? "እናንተ እንዳላችሁ" ብላለች ብለሽኛል። እማዬ እንዲህ የምትለው ልታስቸግረን ሳትፈልግ ስትቀር ነው። ብቻዋን አስቀምጠሽ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ "ከእድርሽና ከቁስቋም ርቀሽ መኖር ትፈልጊያለሽ ወይ?" ብለሽ ጠይቂልኝ። አዎ ካለች አፌን እዘጋለሁ።

ካልፈለገች ግን የኪራዩ ገንዘብ ለቤቱ ይዋል። ከበሯ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ መንገዱ በሲሚንቶ ይሠራ፤ የምትደገፍበት ብረት ጎን ለጎኑ ይተከል፤ መብራት ይገባ። ሽንት ቤቱ ውስጥ የሚቀመጡበት ይሠራ፤ ሌሎቹም አሮጊቶች ይጠቀሙበታል። ለሌሊት ደግሞ ፖፖ አልጋዋ አጠገብ ይሁንላት፣ ይሉኝታ የሚያስይዝ ነገር የለውም። ጣሪያው በአዲስ ቆርቆሮ ይለወጥ። የቀበሌ ቤት ስለሆነ ወረዳውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ይህንን ከጋሽ ወልዴ ጋር ሆናችሁ ጨርሱት፣ እሳቸው ሰዎቹን ያውቃሉ። ልጆችሽ ቅዳሜና እሑድ እሷ ዘንድ ቢያድሩ ደግሞ ለእነሱም ጥሩ ነው፤ ከግቢው ልጆች ጋር ይጫወታሉ።

ምናልባት ሠፈሩ ለልማት ይነሳል ከተባለ ያን ጊዜ ሌላ ነው። ቢቻል ከእትዬ ብርቄ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ፣ ባይቻል አንድ ሳይት እንዲደርሳቸው ከአሁኑ አብራችሁ ተመዝገቡ። እድሩም እንዳይበተን ገንዘብ ያዡን አነጋግሩ።

ብሩን በዚህ ሳምንት በባንክ እልካለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ሲሚንቶው እንዲደርቅ ግንበኛውን ቶሎ ፈልጉ፤ ዋጋውን ጠይቀሽ በቴሌግራም ጻፊልኝ። የእማዬን መልስ ግን በራሷ ድምፅ ቅጂልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ትዕግሥት