የእርዳታው ገንዘብ በሽተኛውን ተከትሎ ቤቱ ይድረስ

ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው ዓመት እናቴ ስትሮክ መትቷት፣ የቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሎ፣ በከተማችን በሐዋሳ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ለሃያ ሦስት ቀናት ተኝታ ስትታከም አስታማሚዋ እኔ ነበርሁ። ስለ ሕክምናው የማማርረው ነገር የለኝም፤ ሐኪሞቹም ነርሶቹም የሚቻላቸውን አድርገዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ሃያ አራተኛው ቀን ነው፤ ዶክተሩ «ቤቷ ሆና ትከታተል» ብሎ መውጫ ከጻፈላት በኋላ፣ ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤታችን መኝታ ድረስ ስላለውና የማንም ኃላፊነት ስላልሆነው መንገድ፤ ለጋሾች ለሆስፒታል ከሚሰጡት እርዳታ ጥቂቱ ለዚህ መንገድ እንዲለይም ለመጠየቅ ነው።

የተሰጠን የመውጫ ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። እኔ አስተማሪ ሆኜ እንኳ የእጅ ጽሕፈቱንና አሕጽሮቱን መፍታት አቅቶኝ፣ የደም ግፊቷ ክኒን ሳይቋረጥ የሚወሰድ መሆኑን የነገረኝ ፋርማሲ ያገኘሁት ወጣት ነው። ሽንቷ ገና በቱቦ ስለሚወርድ ታናሽ እህቴ ከረጢቱን በእጇ ይዛ፣ እኔ ከኋላ ደግፌያት፣ እናታችን በባጃጅ ታጥፋ ቤቷ ገባች። ከመውጣታችን በፊት ግን አንዲት ነርስ፣ ጋውኗን አውልቃ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ተመልሳ፣ በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን እንዴት እንደምናገላብጣት፣ ስናጎርሳትም ትን እንዳይላት እንዴት ቀና አድርገን እንደምናስቀምጣት እጄን ይዛ አሳይታኝ ነበር። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እናቴ የመኝታ ቁስል ሳያገኛት ዛሬ በምርኩዝ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምትለው በዚያች ሩብ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ያደረገችው ግን ሆስፒታሉ አዝዟት ሳይሆን በራሷ በጎ ፈቃድ ነው፤ በማግስቱ የወጡት ታካሚዎች ቤተሰቦች ያንን ትምህርት አላገኙም።

ከእናቴ አልጋ ቀጥሎ እግሯ በሞተር ሳይክል አደጋ የተሰበረ ከገጠር የመጣች ሴት ተኝታ ነበር። ሐኪሙ መውጣት ትችላለሽ ካላት በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ቤተሰቧ ያለውን ገንዘብ በመድኃኒት ጨርሷል፤ ክራንች የሚገዛበት የለውም፤ መኪና ከሚደርስበት እስከ ቤቷ ደግሞ በቃሬዛ መሸከም ያስፈልጋል፤ ቁስሏን በየሁለት ቀኑ የሚያጥብላት ማን እንደሆነም አልታወቀም። በእነዚያው ቀናት በድንገተኛ ክፍሉ መተላለፊያ ላይ አልጋ ጠፍቶላቸው በቃሬዛ የሚያድሩ አዛውንት ነበሩ። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዷ ታክማ መሄጃ አጥታ፣ ሌላው ታመው መግቢያ አጥተው ነበር ማለት ነው። ሐዋሳ ለሲዳማ ብቻ ሳይሆን ከጌዴኦ፣ ከወላይታ፣ ከምዕራብ አርሲና ከጉጂም ሪፈር ተጽፎላቸው ለሚመጡ ታካሚዎች መድረሻ እንደመሆኗ፣ አንድ አልጋ ለአሥራ አንድ ቀን ያለ ሕክምና ተይዞ መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ፣ ሕክምናቸውን ጨርሰው መውጣት ያልቻሉ 13 ሺህ ያህል ሰዎች የሆስፒታል አልጋ ይዘው በነበረበት ወቅት፣ ታካሚዎችን ወደ ቤታቸው ለመሸኘት 500 ሚሊዮን ፓውንድ ለአካባቢ አስተዳደሮችና ለጤና አገልግሎት አካላት መድቦ ነበር። ገንዘቡ ዘግይቷል ተብሎ ቢተችም፣ በሁለት ዙር መከፈሉንና ሁለተኛው ዙር የወጪ ሪፖርት ላቀረቡ መለቀቁን መልካም አሠራር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እርግጥ የእነርሱና የእኛ ጎደሎ አንድ ዓይነት አይደለም። እነርሱ ያጡት የሚያስታምም ሰው ነው፤ እኛ ዘንድ እህትና ልጅ፣ ጎረቤትና የዕድር ሰው ሞልቷል፤ የሚጎድለው ፋሻው፣ ክራንቹ፣ የመኪናው ዋጋና እንዴት እንደሚደረግ የሚያሳይ ሰው ነው። ስለዚህም የሚያስፈልገን ገንዘብ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

አዲስ ተቋም ማቋቋምም አያሻም። በሆስፒታሎቻችን የታካሚዎችን መግቢያ፣ መውጫና ሪፈር የሚከታተል የሊያዞን ክፍል አለ። በ1995 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከዓመታት በኋላ ወደ ከተማ ሲገባ ቤት ለቤት የሚዞሩ ነርሶችን አሰማርቷል። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ክር ነው። እናቴ ከወጣች ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጥታ የደም ግፊቷን ለካችላት፤ የመጣችው ግን ጎረቤታችን መንገድ ላይ አግኝታ ስለነገረቻት ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ብዙ ድሃ ቤተሰብ ታድጓል፤ ሽፋኑ ግን በጤና ተቋም ውስጥ ለሚሰጠው ሕክምና እንጂ ለመሸኛ መኪና ወይም ቤት ውስጥ ለሚደረግ እንክብካቤ አይደለም።

ለጋሾች ለሆስፒታል ሲሰጡ አልጋ፣ መሣሪያና ሕንፃ ይሰጣሉ፤ ተመርቆ ፎቶግራፍ የሚነሣውም ያ ነው። አስፈላጊነቱን አልክድም። ነገር ግን ከሚሰጠው ላይ ጥቂቱ ለመውጫ ተብሎ ቢለይ፣ አቅም ለሌለው ታካሚ የመጓጓዣ ዋጋ ይከፈልበታል፣ ክራንችና ዊልቸር እየተዋሱ የሚመለሱበት ግምጃ ቤት ይቋቋምበታል፣ በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በኦሮምኛ የተዘጋጀ የመውጫ ወረቀት ይታተምበታል፣ ታካሚው ከወጣ በሦስተኛው ቀን ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ይመደብበታል። ገንዘቡም ለብቻው ጽሕፈት ቤትና መኪና ላለው ፕሮጀክት ሳይሆን ለሊያዞን ክፍሉ ይሰጥ፤ ስንት ሰው በስንት ቀን እንደተሸኘና ስንቱ ብሶበት እንደተመለሰ ሆስፒታሉ በየወሩ ለቦርዱ ያሳውቅ።

አንድ ስጋት አለኝ፤ ሳልደብቅ ልናገረው። አልጋ ለማስለቀቅ ሲባል ብቻ ሰውን ቶሎ ማስወጣት ሸክሙን ከመንግሥት ትከሻ አውርዶ በሴቶች ትከሻ ላይ መጫን ይሆናል። እህቴ እናታችንን ለማስታመም ሥራዋን ለአራት ወር ትታለች፤ ያንን ማንም አልቆጠረላትም። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ከነልጆቹ ለሚኖር፣ ወይም ጭራሹን ጠያቂ ለሌለው ሰው «ቤትህ ሂድ» ማለት መጣል ነው። እርዳታው የሚለካው በተለቀቁት አልጋዎች ብዛት ብቻ ከሆነ ይኸው መድረሱ ስለማይቀር፣ ቤተሰቡ ዝግጁ መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም እንዳይወጣ የሚል ደንብ ከገንዘቡ ጋር አብሮ መታሰር አለበት።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ከመግባቱ በፊት የሆስፒታል ቦርዶች፣ የጤና ቢሮውና የክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች አንድ ቀን ተቀምጠው ይህን እንዲነጋገሩበት፣ ለጋሾችም በሚቀጥለው ስጦታቸው ላይ ለመውጫ የሚሆን እንዲለዩ በጋዜጣችሁ በኩል በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አስተማሪ፣ ከሐዋሳ