ለምን የደረጃ ፎቶ ትልክልናለህ?

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ያለፈው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ጥያቄሽ ሲከነክነኝ ሰነበተ። «ሰው ከውጭ ሲልክ የራሱን ፎቶ ይልካል፤ አንተ የደረጃ፣ የባልዲና የእርጥብ ጫማ ፎቶ ትልክልናለህ። እማዬ ልጄን ምን ነካብኝ እያለች ነው» ብለሽኛል። እንግዲያውስ ዛሬ ሌላውን ወሬ ሁሉ ትቼ ይህንኑ ላስረዳሽ።

በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ሕጎቹ ሁለት ናቸው፦ የዛሬው ዛሬ ይነሳል፤ ለጎደለ ቀን ከትናንት መበደር የለም። በቀን ውስጥ ብዙ ባነሳ እንኳ ማታ አንዱን መርጬ አስቀርና የቀረውን አጠፋለሁ። ያዘዘኝ የለም፣ የሚከፍለኝም የለም።

ከውጭ የሚላክ ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ መቼም ታውቂዋለሽ። ሰውዬው ጥሩ ቀን ጠብቆ፣ ጥሩ ልብሱን ለብሶ፣ ከሚያምር ሕንፃ ወይም ከሰው መኪና አጠገብ ይቆማል። ውሸት ነው አልልም፤ ያም ቀን በእርግጥ ነበር። ብቻ ቀኑን የመረጠው ራሱ ነው። በየቀኑ ሲሆን ግን ምርጫው ከእጁ ይወጣል። ማክሰኞ ምንም ሳይፈጠርበት ቢመሽም ማክሰኞ ፎቶውን ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ዓይን ሥራ ይጀምራል።

የጠላችሁት ደረጃ እንዲህ ባለ ቀን የተነሳ ነው። ከሥራ ስመለስ አንድም ነገር አላነሳሁም ነበር። ያንን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከርሜ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። በዚያ ምሽት በጠባቡ መስኮት በኩል የመንገዱ መብራት ከጎን ሲወድቅበት ቆም አልሁ። የእያንዳንዱ እርከን ጠርዝ መሐሉ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ግራና ቀኙ ግን ገና እንደተሠራ ነው። ሰው ሁሉ በመሐል ስለሚረግጥ ነው። በካሜራው መብራት ባነሳው ጉድጓዱ ጠፍቶ ደረጃው አንድ ወጥ ሆኖ ቀረ፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላን ስለሚያጠፋ ሸካራውን ከልስላሳው፣ ጎድጓዳውን ከሜዳው አይለይም። መብራቱን አጥፍቼ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ስጠቀም የሰዉ ሁሉ እግር ያለፈበት ታየ። እንደገና እዪው እስኪ፤ ሦስተኛው እርከን ላይ ያለው ጭረት እንኳ በደንብ ይለያል።

ይህን ነገር የጀመርሁት እኔ እንዳይመስልሽ። ጄሚ ሊቪንግስተን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 1979 ጀምሮ በፖላሮይድ ካሜራ በየቀኑ አንድ ፎቶ ያነሳ ነበር። ካሜራው ፎቶውን እዚያው አጥቦ የሚያወጣ ዓይነት ነው፤ አንድ ጥቅል ፊልም 10 ፎቶ ብቻ ስለሚወጣው እንደ እኛ ስልክ ሃያ አንስቶ አሥራ ዘጠኙን መጣል የለም። እስከ ኦክቶበር 25 ቀን 1997 ድረስ ዘልቋል። ያ ቀን 41 ዓመት የሞላበት የልደት ቀኑ ነበር፤ በካንሰር የሞተውም በዚያው ቀን ነው። ትቶት ያለፈው ከ6,000 በላይ ፎቶ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ብዛቱ አይደለም። ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት አግብቷል፤ የዚያም ወቅት ፎቶ አለ፣ የሆስፒታሉም አለ፣ ማንም ልብ የማይለው ተራ ቀንም አለ። ሁሉም በመጠን እኩል ናቸው፤ ሠርግ ነው ተብሎ ሁለት ቦታ የተሰጠው የለም።

እማዬ «ፊቱን ያሳየኝ» ማለቷን አልረሳሁም። የራሱን ፊት ብቻ በየቀኑ የሚያነሳ ሰውም አለ። ካርል ቤደን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በየቀኑ በአንድ ዓይነት አቀራረብ ፊቱን ሳይስቅ ሳይኮሳተር ያነሳል። እኔ ለዚያ የሚሆን አንጀት የለኝም። ፊቴ በየቀኑ ሲያረጅ ከማይ ደረጃው ሲያረጅ ባይ ይሻለኛል። ለእማዬ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ የራሴን ፎቶ አደርግላታለሁ። «ሳቅ በል» ካለችኝ እስቃለሁ፤ የሰው መኪና አጠገብ ግን አልቆምም።

ችግሩ የት እንዳለ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ፎቶ ይመስላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሁሉም ነገር ተነስቶ ያለቀ ይመስላል። በይነመረብ ላይ «ዛሬ ቀይ ነገር አንሱ፣ ነገ ክብ ነገር አንሱ» የሚል ዝርዝር የሚያወጡ አሉ። ለሌላው ይጥቀም፣ እኔን ግን የተማሪ ቤት የቤት ሥራ አስታወሰኝና ተውሁት። ይልቅ ለአንድ ወር ያህል እጅ ብቻ እያነሳሁ ቆየሁ፤ ሰውን ሳላስፈቅድ አላነሳም፣ እጅ ላንሳ ስል ደግሞ እምቢ የሚለኝ ጥቂት ነው። ፊቱን የሚደብቅ ሰው እጁን ለምን እንደሚሰጥ አሁንም ግር ይለኛል። እጅ እኮ ከፊት ይልቅ ይናገራል።

በብርዱ ወራት ወደ ሥራ ስወጣ ጨለማ ነው፣ ስመለስም ጨለማ ነው። በጨለማ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ስለሚቆይ እጅ ቅንጣት ቢንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ስልኩን ከግድግዳ ጋር አስደግፌ ሰዓት ቆጣሪውን በ2 ሰከንድ እሞላዋለሁ፤ በጣቴ ስነካው የሚነሳው መንቀጥቀጥ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ይረጋል። የካሜራውን ማጉያም (ዙም የሚሉትን) አልነካም። በአብዛኛው ምስሉን ቆርጦ ከመለጠጥ ያለፈ ሥራ ስለሌለው በእግሬ መቅረብ ይሻለኛል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። አንቺም ጀምሪ። ጥሩ ካሜራ የለኝም አትበይኝ፤ ያው ስልክሽ ይበቃል። ካሜራ ስደግንበት ሰው ሁሉ ሊስቅብኝ ነው ካልሽም ዕቃ አንሺ፣ ዕቃ አይስቅም። የእኔና የአንቺን የአንድ ቀን ፎቶ ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ፤ ስልክ ስንደዋወል «ምን አዲስ ነገር አለ?» «ምንም» የምንባባለው ያ «ምንም» ምን ምን እንደያዘ ልየው።

ስትልኪልኝ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪ። የመልእክት መተግበሪያዎች ብዙውን ጊዜ ምስሉን ስለሚያሳንሱት ጥራቱ ይቀንሳል፤ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የተነሳበት ቀንም ሊጠፋ ይችላል። የፋይሉን ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያልሽ ሰይሚው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በተርታ ያስቀምጥልሻል። ሌላ ቅጂም ከስልኩ ውጭ ይኑርሽ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም።

ለእማዬ የእሑዶቹን በትልቁ አሳትሚላት፣ ዓይኗ እንዳይደክም። ቀኑን ከጀርባው በእርሳስ ጻፊበት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ሲደራረቡ ወደ ሌላው ፎቶ ሊተላለፍ ይችላል። የደረጃውን ካልፈለገችው አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። የባልዲውን ታሪክ በሚቀጥለው ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፣ እሱ ረጅም ነው።

ለእማዬና ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ